በጨው ስለሚተኩሰው የዝምብ ጠመንጃ፤ አያያዙና ጥበቃው



ዝምብ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሳያሰናብቱትም የማይሄድ እንግዳ ነው። ከጌታው ማዕድም ከድኻው ሌማትም እኩል ይቀምሳል። አባቶቻችን ይህን እንግዳ በጭራ ሲመልሱት ኖረዋል። ጭራ በመኳንንት እጅ የማዕርግ ጌጥ፣ በመምህራንም እጅ የወንበር ጓደኛ ሆኖ ቢታይም፣ የተሠራበት ዋናው ጕዳይ ዝምብን ለመከላከል ነው። ይሁን እንጂ ጭራ ዝምቡን ያባርረዋል እንጂ አይገድለውም፤ ከአንዱ ጕንጭ የተባረረውም ዝምብ በሌላው ጕንጭ ላይ ያርፋል።

በውጭ አገር ከጭራ ሌላ የዝምብ መምቻ ወጣ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ሮበርት ሞንትጎመሪ የተባለ አሜሪካዊ ከሽቦ መረብ የተሠራ መምቻ አውጥቶ የፈጠራ መብቱን በመንግሥት መዝገብ አስጻፈ። መምቻው ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነበት ምክንያት፣ ነፋሱ በመካከሉ እያለፈ ዝምቡን አስቀድሞ ገፍቶ እንዳያስመልጠው ነው። በ1905 ዓ.ም. ደግሞ የካንዛስ ግዛት የጤና ሹም የነበሩት ሐኪም ሳሙኤል ክራምባይን ዝምብ በሽታ አመላላሽ መሆኑን ለሕዝቡ አስታውቀው፣ ሰው ሁሉ ዝምብን እንዲመታ አጥብቀው ስለ መከሩ፣ መምቻው በየቤቱ ገባ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በ2012 ዓ.ም. በፈረንጅ አቈጣጠር በካሊፎርኒያ የሚኖር ሎሬንዞ ማጆሬ የተባለ ሰው ዝምብን በጨው የሚመታ ጠመንጃ አወጣ። ለሥራው መጀመሪያ የሚሆን 15 ሺህ ዶላር ከሕዝብ እንዲዋጣለት በኢንተርኔት ቢጠይቅ፣ ከ500 ሺህ ዶላር በላይ ተዋጣለት። ይህም በዓለም ላይ በዝምብ የተማረረው ሰው ምን ያህል ብዙ እንደ ሆነ ያስረዳል። ለመሣሪያው ያወጣለት ስም «ባግ ኤ ሶልት» ነው። በእንግሊዝ ቋንቋ «ባግ» ማለት ትንንሽ ተባይ፣ «ሶልት» ማለት ጨው ነው፤ ሁለቱን አያይዘው ሲጠሩት ደግሞ «አሶልት» የሚለው ቃል ይሰማል፤ ትርጓሜውም ጥቃት ማለት ነው። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ይህ መሣሪያ በአሜሪካ አገር ለሚኖሩት ወገኖቻችን የታወቀ ነው። ለእኛም በስጦታ መልክ በዘመድ ሻንጣ ሊደርሰን ይችላል። ስለዚህ ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚያዝና እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ይልቁንም ልጆች ባሉበት ቤት ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው በዛሬው ገጻችን ልንገልጽ አሰብን።

የጨው ነገር ሲነሣ አንድ ትዝታ ሳንጽፍ አናልፍም። በአገራችን ጨው ገንዘብ ነበረ። ከአፋር በረሓ ተቈርጦ በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በየገበያው ይመነዘር ነበር። ወዳጅ ከወዳጁ ሲገናኝ ከአሞሌው ጥግ አስልሶ ማለፍ የፍቅር ምልክት ነበረ። የዚያን ዘመን ሰው ዛሬ ተነሥቶ ጨው በዝምብ ላይ ሲተኰስ ቢያይ፣ ብር በመንገድ ላይ ሲበተን ያየ ያህል ይደነግጥ ይመስለናል። ነገር ግን አንድ ጊዜ የሚተኰሰው በጣት ጫፍ የሚቈነጠር ያህል ጨው ብቻ ስለ ሆነ፣ ቤቱን የሚያደኸይ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሣሪያው አብዛኛው አካሉ ፕላስቲክ ሲሆን ባሩድም ባትሪም አይፈልግም። በላዩ ላይ ክዳን ያለው የጨው ማኖሪያ አለ፤ እኛ የጨው ጐተራ ብንለው ይስማማዋል። ተኳሹ እጀታውን ስቦ ሲያቀባብል በውስጡ ያለው ሞላ ይጨመቃል፤ በዚያው ጊዜ ከጐተራው ጥቂት ጨው ወደ ጎራሹ ይወርዳል። ምላጩ ሲሳብ ሞላው ይለቀቅና ፒስተኑን ወደ ፊት ይገፋል፤ ፒስተኑ አየሩን ይገፋል፤ አየሩም ጨውን በአፈሙዙ በኩል በትኖ ያወጣዋል። እንግዲህ እንደ አንድ ጥይት ሳይሆን እንደ ርሳስ ፍንጣሪ ተበታትኖ የሚሄድ ነው። ጨውም ዝምቡን የሚገድለው በመርዝነት ሳይሆን በመምታት ነው። ዝምቡ ብዙውን ጊዜ አካሉ ሳይፈርስ ስለሚወድቅ፣ በመምቻ እንደ ተመታው ዝምብ በግድግዳና በመጋረጃ ላይ ተለጥፎ አያስቀይምም። የሚረጭ መድኃኒትም ባለመሆኑ በቤቱ ውስጥ የመርዝ ሽታ አይቀርም።

የጨው ፍንጣሪ ቀላል ስለ ሆነ ከአፈሙዙ በራቀ ቍጥር ቶሎ ይደክማል፤ እየሰፋም ይሄዳል። ኀይሉ የሚጠቅመው እስከ 1 ሜትር በሚጠጋ ርቀት ነው። ከዚያ በላይ ርቆ የሚተኵስ ሰው ዝምቡን ያስደነግጠዋል፤ ወለሉንም ጨው ያለብሰዋል፤ ሌላ ትርፍ አያገኝም።

ስለ ዝምቡም ጠባይ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ዝምብ ዓይኑ ከብዙ ሺህ ጥቃቅን ዓይኖች የተሠራ ስለ ሆነ፣ ወደ እርሱ የሚመጣውን ትልቅ ነገር ከሰው ይልቅ ፈጥኖ ያያል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሊቅ ማይክል ዲኪንሰንና ባልደረባቸው በፍራፍሬ ዝምብ ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ ዝምቡ አደጋው ከየት እንደሚመጣ አይቶ ከመብረሩ በፊት እግሮቹን አስተካክሎ በተቃራኒው በኩል ለመዝለል እንደሚሰናዳ አሳይተዋል። ይህንም የሚያደርገው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በእጃችን ዝምብ ልንይዝ ስንሞክር ባዶ እጃችንን የምንዘጋበት ምክንያቱ ይህ ነው። ጨው ግን ደቃቅና ፈጣን ስለ ሆነ ለዝምቡ የመሰናጃ ጊዜ አይሰጠውም። ዝምቡ የሚያየው የጠመንጃውን መምጣት ነውና፣ አፈሙዙን በዝግታ ማስጠጋት፣ በድንገትም አለመወርወር ይገባል። በአየር ላይ የሚበረውን ከመከተል ይልቅ እስኪያርፍ መታገሥ ይሻላል፤ ካረፈ በኋላ እግሮቹን ሲያሻሽ ማየት የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ አነጣጥሮ መተኰስ መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ይህ መሣሪያ ቀለሙ ደማቅ፣ ክብደቱም ቀላል ስለ ሆነ ያየው ሁሉ የልጅ መጫወቻ ይመስለዋል። መጫወቻ ግን አይደለም። ሠሪዎቹም ራሳቸው ለአዋቂ ሰው የተሠራ መሆኑን ያስታውቃሉ። የዝምብን አካል የሚሰብር የጨው ፍንጣሪ የሰውን ቆዳ ባይቀድም እንኳ በቅርብ ከተተኰሰ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ጕዳቱ የማይመለስ ሊሆን ይችላል። የዓይን ብሌን እንደ ዝምብ ክንፍ ስስ ነው። «መጫወቻ መስሎኝ ነው» የሚል ቃል በዳኛ ፊት ቅጣትን ያቀልል እንደ ሆነ ነው እንጂ፣ የጠፋውን ዓይን አያበራም። አንድ ዓይን ከአንድ ሺህ ዝምብ እንደሚበልጥ ማንም አይክድም።

ስለዚህ በቤቱ ሥርዐት ይቁምበት። እኛ የምንመክረው ሥርዐት ቀጥሎ ያለው ነው።

1ኛ፤ መሣሪያው ባዶም ይሁን የተሞላ፣ አፈሙዙ ወደ ሰው፣ ወደ ውሻ፣ ወደ ድመትና ወደ ከብት አይዙር። በጐተራው ጨው ባይኖር እንኳ በጎራሹ ውስጥ የቀረ ጨው ሊኖር ይችላል። አባቶቻችን ባዶውን ጠመንጃ እንኳ ወደ ሰው ያዞረውን ልጅ ይገሥጹ የነበሩት በከንቱ አልነበረም።

2ኛ፤ የሚተኵሰውም በአጠገቡ ያለውም ሰው የዓይን መነጽር ያድርግ። ጨው ከመስተዋት፣ ከእብነ በረድና ከጠንካራ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ይመለሳልና፣ በእንዲህ ያለው ስፍራ ላይ ፊት ለፊት ከመተኰስ ይልቅ ጐንን ሰጥቶ በሰያፍ መተኰስ ይሻላል።

3ኛ፤ መሣሪያው በተቀባበለ ቍጥር የደኅንነት መቈለፊያው በራሱ ይዘጋል፤ ለመተኰስ ሲፈለግ ብቻ ይከፈት። ጣትም ዒላማው ሳይታይ ምላጩ ላይ አይረፍ።

4ኛ፤ ሕፃን በተኛበት አልጋ አጠገብ፣ ሰውም በተቀመጠበት ማዕድ ላይ ፈጽሞ አይተኰስ። በእንግዳ ፊት ላይ ያረፈውን ዝምብ የሚመልስልን ጭራችን እንጂ ጠመንጃው አይደለም።

5ኛ፤ ለልጆች በእጃቸው አይሰጥ። ዕድሜው ከፍ ያለ ልጅ እንዲማር ከተፈለገ አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ በአጠገቡ ቆሞ፣ መነጽር አድርጎለት፣ ከላይ ያሉትን ሥርዐቶች በቃሉ ካስጠናው በኋላ ይሁን። ሥራው ሲያልቅም መሣሪያው በቍልፍ ይቀመጥ።

ምናልባት በስሕተት ጨው በሰው ዓይን ውስጥ ቢገባ፣ ዓይኑን ማሸት አይገባም፤ ማሸት ፍንጣሪውን በብሌኑ ላይ ይፈትገዋልና። በብዙ ንጹሕ ውሃ እስከ 15 ደቂቃ ያህል በቀስታ ማጠብና ወዲያው ወደ ዓይን ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ሕመሙ ቢቀንስም እንኳ ሳይታዩ መቅረት መልካም አይደለም።

ከሰው ደኅንነት ቀጥሎ የቤት ዕቃን መጠበቅ ነው። ጨው እርጥበትን ይስባል፤ እርጥብ ጨውም ብረትን ያዝጋል። ስለዚህ በቴሌቪዥን፣ በራዲዮ፣ በኮምፒዩተርና በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ ያረፈውን ዝምብ መተኰስ ዝምቡን ገድሎ ዕቃውን ማበላሸት ነው። በሥዕለ አድኅኖና በቀለም በተሣለ ሥዕል፣ በብራና መጽሐፍም ላይ እንዲሁ አይተኰስ። አበባ በተተከለበት ገንቦ ላይ ቢደጋገም ጨው አፈሩን ያበላሸዋል። በተገለጠ ምግብ ላይም አይተኰስ፤ የዝምቡ አካል በምግቡ ላይ ይወድቃልና። ተኵሱ ሲያበቃ ወለሉና መስኮቱ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ፤ ቀጥሎ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። የሞተው ዝምብ በባዶ እጅ አይነሣ፤ የነካውም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ።

የትኞቹ ተባዮች በዚህ መሣሪያ ይመታሉ? ቢሉ፤ ለቤት ዝምብ የተሠራ ነው፤ ለእርሱም ይበቃል። ጠንካራ ቅርፊት ያላቸው ጥንዚዛዎችና ትልልቅ በረሮዎች ግን አንድ ተኵስ ላይበቃቸው ይችላል። ተርብን ሊገድል ይችላል፤ ነገር ግን ሳይሞት የቀረ ተርብ ተቈጥቶ ሊመለስ፣ በጎጆውም ያሉት ሊከተሉት ስለሚችሉ በተርብ ቤት ላይ መተኰስ እብደት ነው። የወባ ትንኝን በጠመንጃ አሳድዶ መጨረስ የማይቻል ነው፤ ለእርሷ አጎበር አለላት። ንብ ግን ፈጽሞ አትነካ። ኢትዮጵያ በማር ምርቷ ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ የሆነችው በንብ ነው፤ በቤት ውስጥ ተሳስታ የገባችውን ንብ መስኮት ከፍቶ መሸኘት ይገባል። ሸረሪትም ቢሆን ራሷ ዝምብ አዳኝ ናትና፣ ያለ ደመወዝ የምታገለግል ዘበኛ እንደ መግደል ይቈጠራል።

አሁን ስለ መሣሪያው ጥበቃ እንናገር። ብዙ ሰው መሣሪያው ተበላሸ ብሎ የሚጥለው ጨው ስለ ተጣበቀበት ብቻ ነው። ይህን በመጠንቀቅ ማስቀረት ይቻላል።

1ኛ፤ የጨው ምርጫ። ደረቅና ደቃቅ የማዕድ ጨው ያስፈልጋል። ከገበያ የሚገዛው ድፍን ወይም ሻካራ ጨው በጎራሹ መንገድ ላይ ይሰነቀራል። እጅግ ደቅቆ እንደ ዱቄት የሆነው ደግሞ በየስንጥቁ ይገባል፤ ለመምታትም ኀይል የለውም። ስለዚህ ሻካራው ተወቅጦ በወንፊት ይነፋ፤ ከወንፊት ላይ የቀረው ትልልቁም፣ በመጨረሻ በስስ ጨርቅ የሚያልፈው ዱቄትም ይለይና መካከለኛው ይወሰድ። አዮዲን ያለው ጨው ለሰው ጤና ስለሚበጅ ለወጥ ይቀመጥ፤ ለጠመንጃው አዮዲን ቢኖርም ባይኖርም ልዩነት የለውም። ድቁስ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና አሸዋ ግን አይግቡበት። በርበሬው የሰውን ዓይንና ጕሮሮ ይጐዳል፤ አሸዋው የውስጡን ፕላስቲክ ይፍቀዋል።

2ኛ፤ እርጥበት። የአየሩ እርጥበት ከመቶ 75 እጅ ሲያልፍ ጨው ከአየሩ ውሃ እየሳበ ማልቀስ ይጀምራል። በክረምት ወራት በእልፍኝ ያለ የጨው ዕቃ የሚረጥበው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ጨው በጐተራው ውስጥ አይደር፤ ማታ ማታ ይገልበጥና ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይቀመጥ። የረጠበው ጨው በምጣድ ላይ በለዘብተኛ እሳት ይድረቅ፤ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላም እንደ ገና ይነፋ። ትኵስ ጨው ከጨመሩበት ግን በፕላስቲኩ ላይ ወዝ ያወጣና ከቀድሞው የባሰ ይጣበቃል።

3ኛ፤ አሞላሉ። ጐተራው እስከ አፉ ድረስ አይጠቅጠቅ። ጨውም ወደ ጎራሹ የሚወርደው በክብደቱ ስለ ሆነ፣ ሲቀባበል መሣሪያው ቀጥ ብሎ ይያዝ። አዘቅዝቆ ወይም አጋድሞ የሚያቀባብል ሰው አየር ብቻ ይተኵሳል። ክዳኑም በደንብ ይገጠም።

4ኛ፤ ሞላው። መሣሪያው ተቀባብሎ አይደር። ሁልጊዜ የተጨመቀ ሞላ ኀይሉ ይደክማል፤ ከዚህም ሌላ ሳያውቅ ያነሣው ሰው ሊተኵሰው ይችላል። ሥራ ሲያበቃ በመጀመሪያ ጐተራውን ባዶ ማድረግ፣ ቀጥሎ በቅርጫት ወይም በአመድ ማኖሪያ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ተኵሶ በጎራሹ የቀረውን ጨው ማስወጣት፣ ከዚያም ሳያቀባብሉ ማስቀመጥ ነው።

5ኛ፤ ማጽዳት። በደረቅ የቀለም ብሩሽ ወይም በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጐተራውን፣ የክዳኑን ጥርስና አፈሙዙን መጥረግ ይበቃል። በውሃ አይነከር፤ በውስጡ የቀረው ጨው ሟሙቶ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራልና፣ የብረቱ ሞላም ይዝጋልና። በጨው መንገድ ላይ ዘይትም ቅቤም አይቀባ፤ ጨው በቅባት ላይ ተለጥፎ መንገዱን ይዘጋል። ጨው ተሰንቅሮ እንቢ ሲል መሣሪያው ባዶና ያልተቀባበለ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ጐኑን በመዳፍ መታ መታ ማድረግ ነው። አፈሙዙን ወደ ዓይን አስጠግቶ በውስጡ መመልከት ግን ነውርም አደጋም ነው።

6ኛ፤ መፍታት። ከሠሪው የተሰጠው ወረቀት ከሚፈቅደው በላይ መፈታታት አይገባም። የተጨመቀ ሞላ ሲለቀቅ በፊት ላይ ሊዘል ይችላል። ኀይሉ እንዲጨምር ብሎ ጠንካራ ሞላ የሚያስገባም ሰው ዝምብ ሊገድል ሳይሆን ሰው ሊያቈስል ይሠራል።

ይህን መሣሪያ ከባሕር ማዶ ለማስመጣት የሚያስብም ሰው መልኩ ጠመንጃ መሆኑን አይርሳ። በአይሮፕላን ከመጫኑና በጕምሩክ በር ከመድረሱ አስቀድሞ የሚፈቀድ መሆኑን ከባለ ሥልጣኑ ጠይቆ መረዳት ይበጃል። በመንገድም ይዞት መታየት፣ ለሌላው ሰው እውነተኛ መሣሪያ ሊመስለው ስለሚችል፣ መልካም አይደለም።

እዚህ ከደረስን በኋላ አንድ እውነት ሳንናገር ብንቀር ምክራችን ጎደሎ ይሆናል። በጠመንጃው የሚሞተው ዝምብ ከሚወለደው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። አንዲት የቤት ዝምብ በአንድ ጊዜ ከ75 እስከ 150 የሚሆን ዕንቍላል በቈሻሻና በፍግ ላይ ትጥላለች፤ በዕድሜዋም እስከ 500 ልትጥል ትችላለች። ሙቀት ባለበት ጊዜ ዕንቍላሉ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥም ክንፍ ያለው ዝምብ ይሆናል። እንግዲህ ባለቤቱ በሳሎን ተቀምጦ አንድ ሲገድል፣ ከጓሮው የፍግ ክምር መቶ ይነሣበታል። ምንጩን ትቶ ወራጁን ውሃ በማንኪያ መጨለፍ ይህ ነው።

ዝምብም የሚናቅ ጠላት አይደለም። ጠጣሩን ምግብ ማኘክ ስለማይችል ምራቁን ተፍቶበት ያሟሟዋል፤ ከዚያም ይመጥጠዋል። ከሰገራ ላይ የተነሣው እግሩ ታጥቦ ወደ ማዕዳችን አይመጣም። ተቅማጥን የሚያመጡ ጀርሞችን ያመላልሳል። በአገራችን ይልቁን የሚያሳዝነው የትራኮማ ነገር ነው። ይህ የዓይን በሽታ በዓለም ላይ እጅግ ከበዛባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ ዋናዋ ናት። በሕፃናት ዓይን ዙሪያ የሚሰበሰበው የዓይን ዝምብ ተላላፊውን ጀርም ከአንዱ ልጅ ዓይን ወደ ሌላው ያደርሳል፤ በሽታውም ሲደጋገም የዓይንን ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ አጥፎ በመጨረሻ ያሳውራል። ይህ ዝምብ ደግሞ የሚራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ሰገራ ነው። በጋምቢያ አገር በመንደሮች ተደርጎ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ፣ መጸዳጃ በመሥራት ብቻ በልጆች ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝምብ ከመቶ 30 እጅ ያህል እንደ ቀነሰ አሳይቷል። የጓሮ መጸዳጃ በጨው ጠመንጃ የማይገኘውን ድል ያስገኛል ማለት ነው።

ስለዚህ ጠመንጃውን የያዘ ባለቤት ከመተኰሱ በፊት እነዚህን ይመርምር፤ መጸዳጃው ክዳን አለውን? ጥራጊው በየቀኑ ይወገዳልን? የከብቱና የፈረሱ ፍግ ከቤት ርቆ ተሸፍኗልን? ወጥና እንጀራው በመሶብና በክዳን ተከድኗልን? የልጆቹስ ፊት ጧትና ማታ በውሃ ይታጠባልን? በመስኮቱ ላይ ወንፊት ሽቦ ቢገጠም በአንድ ቀን ወጪ የብዙ ዓመት ዕረፍት ይገኛል። እነዚህ ሁሉ ተሟልተው ሳለ ከበር ሾልኮ ለገባው ጥቂት ዝምብ ግን ጠመንጃው በቂ ዘበኛ ነው።

የልጆችንም ልብ መጠበቅ ያስፈልጋል። ተባይን መግደል የጤና ሥራ ነው፤ መግደልን ለሣቅና ለጨዋታ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ልጅ የተመታውን ዝምብ እያየ የሚፈነድቅ ከሆነ፣ ነገ በወፍ ላይ፣ ከነገ ወዲያም በታናሽ ወንድሙ ላይ እጁን እንዳያነሣ ያሠጋል። ዝምብም ቢሆን በበረሓና በዱር የሞተውን አካል አፍርሶ ወደ አፈር በመመለስ ከፈጣሪ የታዘዘለት ሥራ አለው። ልጁ የምንከላከለው ዝምቡን ስለ ጠላነው ሳይሆን ጤናችንን ስለምንጠብቅ መሆኑን ይረዳ። መሣሪያ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያስፈልገው ጠባይ ይኸው ነው፤ ለምን እንደሚተኵስ ማወቅ፣ ወደ ምን እንደሚተኵስ ማየት፣ ከበስተኋላውም ማን እንዳለ ማሰብ። ይህን በጨው ጠመንጃ የተማረ ልጅ ከፍ ባለም ነገር ላይ የሚታመን ሰው ይሆናል።

በቤታችሁ ይህ መሣሪያ ቢኖር፣ ዛሬ ማታ የት እንደ ተቀመጠ ተመልከቱ። ልጅ በሚደርስበት ስፍራ፣ ጨው ሞልቶ፣ ተቀባብሎ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ይህን ጋዜጣ ከማጠፋችሁ በፊት ባዶ አድርጋችሁ ቈልፉበት። ጨው የምግብ ጣዕም እንጂ የዓይን ብርሃን ማጥፊያ እንዳይሆንባችሁ እንመኛለን።